የቁርስ ቤታችን ሁለት ጓጉንቸሮች

ባለፈው ሳምንት ሁለት ልጆች ውል ሊያስጽፉ ቢሯችን መጡ። ቢሮ ስል ብዙ እንዳታስቡ፤ ያቤሎ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ያለች፣ አንድ ጠበቃና እኔ ተጣብበን የምንቀመጥባት ቆርቆሮ ቤት ናት። ሕግ ከተመረቅኩ ገና ወራት ቢሆነኝ ነው። የራሴን ፈቃድ እስካወጣ ለጠበቃው ውል እጽፋለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ ባለጉዳይ ሲያማርር እሰማለሁ። ገና ሳልጀምረው የደከመኝ ሥራ ነው፤ እውነቱን ልናገር ብዬ ነው።

ልጆቹ ሮባና አብዲ ይባላሉ። አንድ ባጃጅ በጋራ ሊገዙ ነው።

«ምን ተስማማችሁ?» አልኳቸው።

«ግማሽ ግማሽ» አለ ሮባ።

«ሌላስ?»

«ሌላ ምን አለ? እኛ እኮ ኦቦሌሳ ነን፣ ወንድማማች በይን። ራኮ የለም፣ ችግር የለም። የምንፈርምበትን ብቻ አሳዪን።»

«አንዳችሁ ቢታመም ማን ይነዳል? አንዳችሁ የሌላ ሰው ባጃጅ ልንዳ ቢልስ? ድርሻዬን ለአጎቴ ልጅ ልስጥ ቢልስ?»

አብዲ ሳቀ። «ይቺ ልጅ ገና ሳንጋባ ልታፋታን ነው እንዴ?»

ሮባም ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። «ግማሽ ግማሽ» የሚለውን ቃል ስሰማ ሁልጊዜ የተበላሸ ባቄላ ይሸተኛል። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

እናቴ አስካለና እትዬ ነፊሳ ነጌሌ መናኸሪያው ፊት ለፊት ቁርስ ቤት ነበራቸው። የከፈቱት እኔ ሕፃን ሆኜ ነው። አባቴ አሬሮ ያስተምር ስለነበር ቤት የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው፤ የእትዬ ነፊሳ ባል ደግሞ ሱቁን ሸጦ ሞያሌ ከሄደ በኋላ ወሬው ራሱ ቀጭን ሆኖ ነበር የሚመጣው። ሁለቱ ሴቶች ጎረቤታሞች ነበሩ። እናቴ ከሰሜን ከመጣ ቤተሰብ የተወለደች ኦርቶዶክስ ናት፣ ጾም የማታጓድል። እትዬ ነፊሳ ጉራጌ ናቸው፣ ሙስሊም፣ ሶላት የማያሳልፉ። ቤቱ ውስጥ ሥጋ እንዳይገባ የተስማሙት ለዚህ ነው። አንዷ ያረደችውን ሌላዋ አትበላማ። ፉል፣ ጨጨብሳ፣ ፈጢራ፣ እንቁላል፣ ሻይ በግመል ወተት፤ ከሥጋ በስተቀር ሁሉም ነበር። ሾፌሩም፣ መንገደኛውም፣ ከብት ሊሸጥ የመጣውም አንድ አግዳሚ ላይ ተደርድሮ ይበላል። ማን የማን እንደሆነ የሚጠይቅ አልነበረም።

ወረቀት አልተጻፈም። የንግድ ፈቃዱ በእናቴ ስም፣ የቤቱ ኪራይ በእትዬ ነፊሳ ስም ነበር። አንዷ ያለሌላዋ አንድ ቀን መክፈት አትችልም ማለት ነው። ይህን አስበውበት አይመስለኝም፤ ፈቃድ ለማውጣት የተሄደ ቀን እናቴ ነፃ ነበረች፣ አከራዩ የመጣ ቀን እትዬ ነፊሳ ነበሩ፣ በቃ።

ደንባቸው አንድ ነበር። አንቺ ስትጾሚ እኔ እሠራለሁ፣ እኔ ስጾም አንቺ ትሠሪያለሽ፣ የተገኘው ግን ሁልጊዜ ግማሽ ግማሽ። በሁዳዴ እትዬ ነፊሳ ገና ጎህ ሳይቀድ ከፍተው ምድጃውን ያያይዛሉ፤ እናቴ ቤተ ክርስቲያን ውላ ከሰዓት በኋላ ብቅ ትላለች። በረመዳን ደግሞ እናቴ ጠዋቱን ትይዛለች፣ እትዬ ነፊሳ አመሻሽ ላይ ለአፍጥር የሚሸጠውን የምስር ሳምቡሳ ሊጠብሱ ይመጣሉ። ማንም ማንንም «ዛሬ ለምን ቀረሽ» አይልም። የእናቴ ጾም ይረዝማል፤ እትዬ ነፊሳ አንድም ቀን ይህን አንስተው አያውቁም።

ረመዳን ግን ቦታው ላይ አይቀመጥም። በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ወደፊት እየቀደመ ይመጣል። ከሻይ መደርደሪያው በላይ ባንክ በነፃ የሚሰጠው ካሌንደር ነበር የሚሰቀለው፣ የሁሉም በዓል ያለበት። እኔ እንኳ የቤት ሥራዬን እየሠራሁ ቀና ስል አየው ነበር። ረመዳን ከክረምቱ ወጥቶ፣ ግንቦትን አልፎ፣ ሚያዝያ ገብቶ ወደ ሁዳዴ ሲጠጋ ማንም ማየት ይችላል። እነሱ ሁለቱ ደግሞ ከማንም በላይ ያንን ካሌንደር ያዩታል።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል የነበርኩበት ዓመት ሁለቱ ጾሞች ገጠሙ።

ያ ዓመት ሲጀመርም ክፉ ነበር። ዝናቡ ዘግይቶ ነበር። የነጌሌ ቀይ አቧራ በመስኮት ይገባል፣ በበር ይገባል፣ ዱቄቱ ላይ ያርፋል። ውኃ በአህያ ጋሪ ነበር የምንገዛው፣ ያውም ጋሪው ከመጣ። እትዬ ነፊሳ የሁዳዴን መጀመሪያ ሳምንታት እንደ ደንቡ ብቻቸውን ተሸክመው ነበር። ከዚያ ጨረቃ ታየች ተባለ፣ ረመዳን ገባ፤ አሁን ደግሞ በደንቡ የእናቴ ተራ ሆነ። እናቴ ግን ጾም ላይ ናት፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ አትቀምስም፣ ስግደቷ ጉልበቷን ጨርሶታል።

በመጀመሪያው ጠዋት ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት ጎራ ስል ሁለቱም ቁርስ ቤቱ ውስጥ ተቀምጠዋል። ምድጃው አልተያያዘም። እትዬ ነፊሳ ከንፈራቸው ገና በጠዋት ደርቋል።

«መጣሽ?» አሉ እናቴን እያዩ። እናቴ ከመጣች እኮ ቆይታለች።

«መጣሁ። አንቺስ ለምን መጣሽ? ጾም አይደለሽ?»

«አንቺ ትከፍቺ እንደሆን ላይ ብዬ።»

«እንዴት አልከፍትም? መቼ ሳልከፍት ቀርቼ አውቃለሁ?»

«አላልኩም።»

ያን ቀን ጠዋቱን ሙሉ ከዚህ ሌላ የተነጋገሩት ነገር ቢኖር ስለ ጨው ብቻ ነው።

እንዲህ ሆነው ሊዘልቁ አይችሉም፤ እኔ በሳምንቱ ገብቶኝ ነበር። እናቴ ድስቱን አንስታ ስታስቀምጥ ዓይኗ ይጨልማል። እትዬ ነፊሳ ዘይቱ ሲሸታቸው ወጥተው ግድግዳ ይደገፋሉ። ከብት የሚያሻሽጡት ኦቦ ጃርሶ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሻያቸውን እኛ ጋ ሳይጠጡ ገበያ አይወጡም። አንድ ቀን ዱላቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ሲጠብቁ ሻዩ ዘገየባቸው።

«አስካለ፣ አካም ቡልቴ? ናጋ? ደህና አደርሽ? ሻይ ትሰጪኛለሽ?»

«ይጠብቁ።»

«ነፊሳ፣ ሻይ?»

«አስካለ ትስጥዎት።»

ኦቦ ጃርሶ ወደኔ ዞረው በለሆሳስ «ይሄ ቤት ታሟል ወይ?» አሉኝ።

እናቴ መላ ዘየደች፤ መላ ካላችሁት። ለማንም ሳትናገር ወደራ ከተማ ደውላ የእህቷን ልጅ ጽጌን አስመጣች። ጽጌ ጎበዝ ናት፣ እጇ ፈጣን፣ አፏ ከእጇ ይፈጥናል። እናቴ እንድትመጣ «ድርሻ ይኖርሻል» ብላት ኖሯል። ይቺን ቃል እትዬ ነፊሳ ከእናቴ አልሰሙም፤ ከራሷ ከጽጌ ነው የሰሙት፣ ለአንድ ሾፌር «እኛ ቤት በዱቤ አንሸጥም» ስትል።

«እኛ ቤት?» አሉ እትዬ ነፊሳ። «አንቺ የማን ነሽ?»

«አክስቴ ድርሻ ሰጥታኝ ነው የምሠራው እትዬ።»

እትዬ ነፊሳ ሻርፓቸውን አስተካክለው ወጡ። በማግሥቱ አመሻሽ ላይ ሳምቡሳቸውን ቤታቸው በረንዳ ላይ መጥበስ ጀመሩ። ቤታቸው ደግሞ ከቁርስ ቤቱ በጣም አይርቅም። ለአፍጥር የሚገዛው ሰው ሁሉ ወደዚያ ጎረፈ፤ የእሳቸውን እጅ ያውቃላ። እኛ የጠበስነው ትሪው ላይ ቀዝቅዞ ቀረ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ የሰውን ጀርባ እያየች «ቤቴን በቁሙ ወሰደችው» አለች። ከዚያ በፊት «ቤቴ» ስትል ሰምቻት አላውቅም፤ ሁልጊዜ «ቤታችን» ነበር።

በነጋታው መንገድ ላይ ተገናኙ። እናቴ አጠገብ ነበርኩ።

«ከኔ ጋር እየነገድሽ ከኔ ጋር ትሻሚያለሽ ነፊሳ?»

«አንቺ ግማሼን ለእህትሽ ልጅ ሸንሽነሽ ሰጥተሽ የለ?»

«ከራሴ ነው የሰጠሁት!»

«የራስሽ የቱ ጋ ያበቃል? አሳዪኝና እኔም እወቀው።»

ይኸው ነው ጠቡ። ጮኸው እንኳ አልተጣሉም፤ ለመጮህ ምራቅ ያስፈልጋል። ያን ቀን ሲመሽ እትዬ ነፊሳ ሄደው በሩን በራሳቸው አዲስ ጓጉንቸር ቆለፉት። እናቴ ጠዋት ደርሳ አየችው፤ ተመልሳ ገበያ ሄደች፣ ከዚያኛው የሚበልጥ ጓጉንቸር ገዛችና በታችኛው ማጠፊያ ላይ ቆለፈችበት። «እሷ ካላስገባችኝ እሷም አትገባም» አለች። ጽጌ ሻንጣዋን ይዛ እኛ ሳሎን ተቀመጠች።

የቤቱ ነገር አሳሰበኝ፣ አልዋሽም። ዩኒቨርሲቲ ቢደርሰኝ የምሄደው በዚያ ፉል ነበር። የእትዬ ነፊሳም ልጆች የሚማሩት በዚያው ነው። አከራዩ ደግሞ ዝግ ቤት አይወድም፤ ቤቱን የሚፈልግ ሌላ ሰው እንዳለ በየሻይ ቤቱ እያወራ ነበር። አንድ ወር ዝግ ሆኖ ቢቀር ሁለቱም ቤት አልባ ነጋዴ ሊሆኑ ነው። ይህን ሁሉ ያውቃሉ። ግን ኩራት የሚሉት ነገር በባዶ ሆድ ይብሳል መሰለኝ።

ኦቦ ጃርሶን ያስታርቁ ብዬ ለመንኳቸው። የተዘጋው በር ፊት ያለው አግዳሚ ላይ እንደ ወትሮው ተቀምጠዋል፣ ሻይ ባይኖርም።

«አሁን አልገባም» አሉኝ። «ሁለቱም ጠምቷቸዋል። የጠማው ሰው ዳኛ አይሰማም። ይጠጡ፣ ከዚያ።»

«እስኪጠጡ እኮ ቤቱ ይሄዳል!»

«አንቺ ልጅ ትቸኩያለሽ» አሉ። እሱማ እውነት ነው።

ከዚያ ሽታው መጣ። ጽጌ ከመቆለፉ በፊት ትልቁን ባልዲ ሙሉ ባቄላ ዘፍዝፋ ነበር፣ ለማግሥቱ ፉል። በዚያ ሙቀት፣ በዚያ ቆርቆሮ ሥር፣ ባቄላው አረፋ ደፍቆ ሲበላሽ ሽታው በበሩ ሥር ወጥቶ መናኸሪያው ደረሰ። ጎረቤት ያለው ፀጉር አስተካካይ አፍንጫውን ይዞ ቤታችን መጣ። «ውስጥ የሞተ ነገር አለ» አለ። ትኬት ቆራጮቹ መቀለጃ አደረጉን። «የነገው አውቶብስ ከባቄላው ሽታ ቀጥሎ ይነሳል!» ይላሉ።

ትዕግሥቴ አለቀ። እናቴን «ቁልፍሽን ስጪኝ፣ ባቄላውን ልድፋ» አልኳት።

«የሷንስ?»

«እሳቸውንም እጠይቃለሁ።»

«ሳትሰጥሽ የኔን አልሰጥም።»

እትዬ ነፊሳ ጋ ሄድኩ። ገና አላፈጠሩም፤ ቴምሩ ሳህን ላይ ተቀምጦ አዛኑን እየጠበቁ ነው። «ሂዊ፣ እናትሽ ላከችሽ?» አሉኝ። ሕይወት ነው ስሜ፤ እሳቸው ብቻ ናቸው ሂዊ የሚሉኝ።

«ማንም አልላከኝም። ሰው በኛ እየሳቀ ነው። ሁለታችሁም ቤቱን ካልፈለጋችሁት ንገሩንና እኛ ልጆቹ እንወቀው። ቁልፉን ይስጡኝ።»

«ቁልፌን ለሰው አልሰጥም» አሉ። «ራሴ እመጣለሁ። ራሷ ትምጣ።»

ካፈጠሩ በኋላ መጡ። ሰማዩ ገና ቀላ ብሎ ነበር። እናቴም ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ደረሰች። እትዬ ነፊሳ የላዩን ከፈቱ፣ እናቴ የታቹን ከፈተች፤ እኔ በሩን ገፋሁት። ሽታው በጥፊ መታን።

ባልዲውን ሁለቱ በሁለት ጆሮው ይዘው አወጡት፤ ለአንድ ሰው ይከብዳል። ወለሉን አጠቡ፣ ውኃውን እኔ አቀበልኳቸው። ብዙ ቆይተው ጨረሱ፤ ሁለቱም አግዳሚው ላይ ተዘረፈጡ፣ አንዷ በዚህ ጫፍ፣ አንዷ በዚያ። እትዬ ነፊሳ ቀና ብለው ግድግዳውን አዩ።

«ካሌንደሩን አላየሽም ነበር?» አሉ።

«አይቻለሁ።»

«መቼ?»

«ዓምና።»

«ዓምና አይተሽ ዝም አልሽኝ?»

«አንቺስ አላየሽም?»

«እኔ ካቻምና ነው ያየሁት» አሉ እትዬ ነፊሳ።

እናቴ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የምታለቅስ መስሎኝ ተጠጋሁ፤ እየሳቀች ነበር፣ ድምፅ የሌለው፣ የደከመው ሰው ሳቅ።

«ታዲያ ምን ልበልሽ?» አሉ እትዬ ነፊሳ። «ጾምሽን አሳጥሪ ልበልሽ?»

«እኔስ? ጨረቃዋን መልሱልኝ ልበላችሁ?»

«ደክሞኛል ማለት ትችይ ነበር።»

«አንቺ ሳትይ እኔ ልል? ሁዳዴን ብቻሽን ስትሸከሚ ኖረሽ እኔ ደክሞኛል ልበል?»

ቀጥሎ የተስማሙትን እዚያው፣ ከአግዳሚው ሳይነሱ ጨረሱት። በዓላቱ እስኪያልፉ ጠዋት አይከፈትም፤ ከሰዓት በኋላ ብቻ፣ ሳምቡሳና ሻይ፣ በምስርና በዘይት የተሠራ፣ ለሁለቱም የሚሆን። በረንዳው ላይ መጥበስ ይቆማል። ጽጌ ትቆያለች፣ ግን በደመወዝ እንጂ በድርሻ አይደለም፤ ይህን እናቴ ራሷ ለጽጌ እንድትነግራት፣ እትዬ ነፊሳ ባሉበት። ጽጌ አኮረፈች፤ ተዉአት። አከራዩም ወሬውን አቆመ። ኦቦ ጃርሶ አመሻሽ ላይ ሻይ መጠጣት አልለመዱምና አንድ ወር ሙሉ አጉረመረሙ። ዝናቡ ከዚያ በኋላም ቆይቶ ነው የመጣው፤ ከማንም ጋር አልተማከረም።

ጓጉንቸሮቹ ግን አልተነሱም። እትዬ ነፊሳ የራሳቸውን «ይሁን፣ ለሌባ ጥሩ ነው» አሉ፤ እናቴም «ለሌባ ጥሩ ነው» አለች። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ በሩ የሚከፈተው ሁለቱም ሲመጡ ነው። ተራ መያዝ የሚሉት ነገር ቀረ። በየማለዳው እዚያ በር ላይ ይገናኛሉ፣ ጾም ይሁን ፍስክ፣ ጉልበታቸው ታሞም ቢሆን። ታርቀዋል፤ እንደ ድሮው ግን አይደለም። አሁን ይነጋገራሉ፤ ድሮ መነጋገር አያስፈልጋቸውም ነበር። የትኛው እንደሚሻል እስከ ዛሬ አላውቅም።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የሸሪኮችን ግዴታ ስንማር መምህሩ ሰሌዳው ላይ ጻፈ። ሸሪክ ሌሎቹ ሳይፈቅዱ ከማኅበሩ ጋር የሚወዳደር ሥራ አይሠራም። ሸሪክ ሌሎቹ ሳይስማሙ ድርሻውን ለሌላ አያስተላልፍም። አንዱ አንቀጽ የእትዬ ነፊሳ፣ አንዱ የእናቴ። አጠገቤ የነበረችው ልጅ «ምን ያስቅሻል?» አለችኝ። መምህሩ ቀጠለ፤ ሽርክና በጽሑፍ ካልሆነ ሕጉ አያውቀውም አለ። እኔን ያሳደገኝን ነገር ሕጉ አያውቀውም ማለት ነው። አልተከራከርኩም፤ ትክክል ነው። ቢጻፍ ኖሮ ግማሹን ድካም ይቀንስላቸው ነበር። ስለ ካሌንደሩ ግን ማን ይጽፍ ነበር?

ባለፈው ወር እናቴ በጠዋት ደወለችልኝ። እትዬ ነፊሳ ለሕክምና ሐዋሳ ሄደዋል።

«ቁርስ ቤቱስ?» አልኳት።

«ዝግ ነው።»

«ቁልፉን ይዘው ሄዱ እንዴ?»

«ኧረ እኔ እጅ ላይ ትታልኝ ሄዳለች። ለሰው የማትሰጠውን።»

«ታዲያ ክፈቺዋ!»

«ደርሼ ነበር» አለች። «የሷን ከፈትኩ። ከዚያ የራሴን ልከፍት ስል እንዲሁ ደከመኝ። መልሼ ቆልፌው የኦቦ ጃርሶ አግዳሚ ላይ ተቀምጫለሁ።»

«ምን እየሠራሽ?»

«ምንም። ነገ ትመለሳለች።»

በነጋታው አልተመለሱም፣ ሳምንት ቆዩ። ቤቱ ሳምንቱን ዝግ ነበር። እናቴን ተቆጣሁ፣ ኪሳራ ነው አልኳት፣ ሕግ ጠቀስኩባት፤ አንዷ ስትታመም ሌላዋ ማስተዳደር እንደምትችል አስረዳኋት። በትዕግሥት ሰማችኝ። «አውቃለሁ ልጄ» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም።

ለዚህ ነው ሮባና አብዲ ሲስቁ ያልሳቅኩት። ወረቀቱን ወደ ራሴ ስቤ እስክሪብቶ አነሳሁ።

«እሺ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ» አልኳቸው። «ሁለታችሁም በአንድ ቀን ደክሟችሁ ብታድሩስ? ጠዋት ማን ይወጣል?»

አብዲ ሮባን አየው። ሮባ ቁልፍ የሌለበትን ኪሱን ዳሰሰ።

ሌላ ቀን ቢሆን ራሴ የመሰለኝን ጽፌ አስፈርሜ እሸኛቸው ነበር፤ ደጅ ወረፋ ነበር። ያን ቀን ግን እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ።

«ውጡና ተነጋገሩ» አልኳቸው። «እጠብቃችኋለሁ።»

ወጥተው ጥላው ሥር ቆሙ። ከመስኮቱ አያቸዋለሁ፤ አብዲ እጁን እያወራጨ ያወራል፣ ሮባ መሬት መሬቱን ያያል። ቆዩ። እኔም ጠበቅኳቸው።